የራቀው ሜዳ

በምዕራብ ሸዋ ጄልዱ ወረዳ፣ ጎጆ ከተማ ውስጥ የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ምሽት የሚታወቀው በጋቢ ነው። ጄልዱ ደጋ ስለሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ብርዱ ከቤት አያስወጣም። ቀኑን ድንች ሲያስጭን የዋለው ወጣት ግን ጋቢውን ተከናንቦ ዲኤስቲቪ ወዳለበት ቤት ይሄዳል። የአርሰናል ተከላካይ ስንት ቢጫ እንዳለበት ይነግራችኋል። የኢትዮጵያ ሻምፒዮን በዚህ ዓመት አፍሪካ ውስጥ ከማን ጋር ተጫወተ ብትሉት ግን ጎረቤቱን ያያል። አይፈረድበትም። ሻምፒዮኑ ራሱ ከእሱ እየራቀ ሄዷል፤ እንዴት እንደራቀ ዓመቶቹን ወደ ኋላ ቆጥሮ ማየት ይቻላል።

መነሻው ቅርብ ነበር። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ በ1957 ዓ.ም. አክራ ላይ ለመጨረሻው ውድድር ከተሰበሰቡት አራት ክለቦች አንዱ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ነበር። የፋብሪካ ቡድን መሆኑን ልብ በሉ። ከመንገድ ያስቀረው የማሊው ስታድ ማሊያን ነው። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1967 ውድድር ደግሞ ቅዱስ ጊዮርጊስ ግማሽ ፍጻሜ ገባ። ብሔራዊ ቡድኑ በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ካነሳ ገና ጥቂት ዓመታት መቆጠራቸው ነበር። የዚያ ዘመን ተጋጣሚ የሚፈራው ከፍታውን፣ ቀጭኑን አየርና ጫፍ እስከ ጫፍ የሞላውን ስታዲየም ነበር። ሜዳችን አንድ ተጫዋች ያህል ነበር ማለት ነው።

ፕሪሚየር ሊጉ በ1990 ዓ.ም. ሲጀመር የመጀመሪያውን ዋንጫ የወሰደው መብራት ኃይል ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ በአብዛኛው የጊዮርጊስ ታሪክ ነው፤ በመሃል ሀዋሳ ሁለት ጊዜ፣ መብራት ኃይል ዳግም፣ ቡናና ደደቢት አንድ አንድ ጊዜ ጣልቃ ገብተውበታል። በሊጉ ዘመን በአህጉሩ ስም ያተረፈው ግን መጀመሪያ ቡና ነበር፤ ሊጉ በተጀመረበት በዚያው 1990 የግብፁን አል አህሊን ከቻምፒዮንስ ሊግ አስወጣ። የቡና ደጋፊ ይህን ዛሬም እንደ ትናንት ያወራዋል፤ ያውራ፣ መብቱ ነው።

2005 ዓ.ም. ትልቅ ዓመት ነበር። ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሱት ያኔ ነው። ጊዮርጊስ ካይሮ ላይ ከዛማሌክ ጋር 1 ለ 1 ወጥቶ መጣ፤ አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 2 ተለያየ። ድምሩ እኩል ሆኖ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ብልጫ ወደቀ። ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፕ ወርዶ ሌላውን የግብፅ ክለብ ኤንፒን ጥሎ ምድብ ውስጥ ገባ። እዚያ ከጠበቁት ሦስቱ አንዱ ያው የጥጥ ማኅበር የድሮ ጌታ ስታድ ማሊያን ነበር። ሌላው ስፋክሲየን በመጨረሻ ዋንጫውን ወሰደ። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ጊዮርጊስ የኮንጎውን ሊዮፓርድስን ጥሎ የቻምፒዮንስ ሊጉ ምድብ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ ከሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር ተደልድሎ አራተኛ ወጣ። በዚያው ዓመት ሊጉን ለአራተኛ ተከታታይ ጊዜ በላ። አንድ ክለብ አራት ዓመት ሳይፈርስ ሲቆይ አህጉሩም በሩን ከፈተለት። ይህን ግጥጥሞሽ ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

ምክንያቱም ቀጥሎ የመጣው ተቃራኒው ነው። በ2010 ዋንጫውን ገና ባደገበት ዓመት የወሰደው ጅማ አባ ጅፋር ነበር። ለኦሮሚያ ደጋፊ፣ ለምዕራብ ሸዋውም ጭምር፣ ያ ክረምት ሌላ ክረምት ነበር። ሻምፒዮኑ ግን ክረምቱን አልዘለቀውም። አሠልጣኙ ገብረመድህን ኃይሌ ወደ መቐለ ሄደ። በ23 ጎል የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ የነበረው ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ወደ ግብፅ ተሻገረ። የተረፈው ቡድን የጅቡቲ ቴሌኮምን ጥሎ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ፤ ካይሮ ላይ 2 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመልሱ 1 ለ 0 አሸነፈ። አል አህሊን ማሸነፍ ቀላል ነገር አይደለም። ያ ቡድን ሳይበተን ቢቆይ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ማንም አያውቅም፤ የሚታወቀው ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ከሊጉ መውረዱ ነው። ገብረመድህን በ2011 መቐለ 70 እንደርታን ሻምፒዮን አደረገ፤ በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን። ሦስት ክለብ፣ ሦስት ዋንጫ፣ አንድ አሠልጣኝ። ለሰውዬው ባርኔጣ ይነሳለታል፤ ለሊጉ ግን የሚያሳፍር መረጃ ነው። በእኛ ሊግ ሻምፒዮንነት ክለብ ውስጥ አያድርም፤ ከሰው ጋር ይዞራል።

ከ2010 እስከ 2017 ሰባት ዋንጫ ተሰጥቷል፤ 2012 በኮሮና ተሰርዟል። ሰባቱን የወሰዱት ስድስት ክለቦች ናቸው፤ ሁለት ጊዜ ያገኘው ጊዮርጊስ ብቻ ነው። ፉክክሩ ደስ ይላል። አፍሪካ ውስጥ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ማጣሪያው በቅርብ ዓመታት የሚጀምረው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ወይም እንዳለቀ፣ የእኛ ተጫዋች ውሉን ጨርሶ ክለብ በሚፈልግበት ሰሞን ነው። ሻምፒዮኑ ያልተዋወቁ ሰዎችን ሰብስቦ ይገባል። ተጋጣሚው የአምስት ዓመት ቡድን ይዞ ይመጣል።

አሁን ወደ ሜዳው እንመለስ። በ2013 የቴሌቪዥን ገንዘብ ሲመጣ ሊጉ ከከተማ ወደ ከተማ መዞር ጀመረ፤ ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ለሳምንታት ይጫወቱ ጀመር፣ ከዚያ ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ቀጣዩ። በዚያ ዓመት አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሀዋሳ አስተናገዱ። ሻምፒዮኑ ፋሲል ከነማ ጎንደር ላይ አንድም የሊግ ጨዋታ ሳያደርግ ዋንጫ አነሳ። ሥርዓቱ ጥራት ያለው ሥርጭት ሰጥቶናል፣ አልክድም፤ ግን በሜዳው መጫወት የማያውቅ ሻምፒዮን አሳድጓል። ያው ፋሲል ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር 2 ለ 2 ተለያይቶ፣ ኦምዱርማን ላይ 1 ለ 1 ወጥቶ፣ ከሜዳ ውጭ በተቆጠረ ጎል ተሰናበተ። በቀጣዩ ዓመት ጊዮርጊስ ያንኑ አል ሂላልን 2 ለ 1 አሸንፎ በመልሱ 1 ለ 0 ተሸነፈ፤ በዚያው ሕግ ወደቀ። ከዛማሌኩ ጋር ሦስት ጊዜ መሆኑ ነው። ሦስቱንም ጊዜ ከውጭ ጎል ይዘን አለመምጣታችን አልነበረም የጣለን፤ ሁለት ጊዜ ይዘን መጥተናል። የጣለን በራሳችን ሜዳ የተቆጠረብን ነው።

በዚሁ ዘመን ደግሞ ሜዳው ራሱ ጠፋ። አዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ተዘጋ፤ የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ሌላ ሲፈለግ ታጣ። ሰኔ 2014 ዋልያዎቹ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፉት ሊሎንግዌ፣ ማላዊ ላይ ነው። ያን የመሰለ ውጤት በቴሌቪዥን ብቻ አየነው። በ2016 መስከረም ጊዮርጊስ ከአል አህሊ ጋር ሲገናኝ ሁለቱንም ጨዋታ ያደረገው ካይሮ ላይ ነው፤ የ«ሜዳው»ን ጭምር። 3 ለ 0 እና 4 ለ 0። የውጤቱ ነገር አያስገርመኝም፤ ያቺ የ«ባለሜዳ» ጽሑፍ ናት የምታንገበግበኝ። ዓመት ቆይቶ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ እሱም እንደ ጅማ ባደገበት ዓመት ሻምፒዮን የሆነ፣ የኡጋንዳውን ቪላን አልፎ የታንዛኒያውን ያንግ አፍሪካንስን አበበ ቢቂላ ስታዲየም ላይ ተቀበለ። ሜዳ ነበረው፤ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ዛንዚባር ላይ ደግሞ 6 ለ 0።

በዚሁ ዳሰሳ ውስጥ የተለየ ነገር የሠሩት ሴቶቹ ናቸው። የንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ለዓመታት ብዙም ሳይበተን ሊጉን ሲመራ የኖረ ነው። በ2016 መጨረሻ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ማጣሪያ አዲስ አበባ ላይ ሲካሄድ፣ በፍጻሜው የኬንያ ፖሊስ ቡሌትስን 1 ለ 0 አሸንፎ ወደ አፍሪካ የሴቶች ቻምፒዮንስ ሊግ አለፈ፤ ሞሮኮ ሄዶ ከሰንዳውንስ፣ ከማሳርና ከኤዶ ኩዊንስ ጋር ተጫወተ። ያልፈረሰ ቡድን፣ በገዛ ሜዳው።

ጎጆ ላይ ይህን ለምን አነሳሁት? ከዚህ ዞን የወጣ ክለብ በፕሪሚየር ሊጉ ነበርና። ሙገር ሲሚንቶ፣ ፋብሪካው አዳ በርጋ ወረዳ ያለው፣ በትልቁ ሊግ ለዓመታት ቆይቶ በ2007 ወረደ። እንደ ጥጥ ማኅበር የፋብሪካ ልጅ ነበር። የዛሬው የጎጆ ወጣት ያኔ ሕፃን ነበረና አያስታውሰውም፤ አምቦና ጊንጪ ያለው እኩያውም እንደዚያው። በአርሰናል ማልያ አልቀናበትም። ግን ለዞኑ ስፖርት ኃላፊዎችና ለፋብሪካዎቹ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ይህ ልጅ ቅዳሜ ከሰዓት በእግሩ ሄዶ የሚያየው ቡድን መቼ ትመልሱለታላችሁ?