ያውቁ ኖሯል? አባት የሌለው ንብ፣ አበባውን የሸሸገ ዋርካ እና ሌሎች የተዋልዶ ጉዳዮች

ድንጉላ ንብ አባት የለውም፤ አያት ግን አለው። ንግሥቲቱ ከምትጥላቸው እንቁላሎች ውስጥ የወንድ ዘር ያገኙት ሴት ይሆናሉ፤ ያላገኙት ደግሞ እንዲሁ አድገው ድንጉላ ይሆናሉ። ስለዚህ ሠራተኛዋ ንብ 32 ክሮሞዞም ሲኖራት ድንጉላው ያለው 16 ብቻ ነው፤ ሁሉንም ያገኘው ከእናቱ ነው። የዘር ሐረጉን ወደ ኋላ ቢቆጥሩለት ወላጅ 1፣ አያት 2፣ ቅድመ አያት 3 ይሆናል፤ ከዚያ 5፣ ከዚያ 8። ሒሳብ የሚወድ ተማሪ ቀጣዩን ቁጥር ሳይነገረው ያገኘዋል።

ንግሥቲቱስ? ከድንጉላ ጋር የምትገናኘው በወጣትነቷ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ከቀፎ ወጥታ አየር ላይ እየበረረች ከ10 በላይ ከሚሆኑ ድንጉላዎች ጋር ትገናኛለች፤ እያንዳንዱ ድንጉላም ወዲያው ይሞታል። የሰበሰበችውን ዘር ሆዷ ውስጥ ባለች ትንሽ ከረጢት አኑራ ለዓመታት ትጠቀምበታለች። አበባ በሚበዛበት ወቅት በቀን ከ1,000 በላይ እንቁላል ትጥላለች፤ ጠበብ ባለው የሰም ጉድጓድ ውስጥ ዘር ጨምራ፣ ሰፋ ባለው ውስጥ ደግሞ ዘሩን ይዛ አስቀርታ።

በቅሎን «አባትሽ ማነው?» ቢሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» አለች ይባላል። መልሱ በሥነ ሕይወትም ልክ ነው፤ እናቷ ባዝራ፣ አባቷ አህያ ነውና የእናቷ ወንድም ፈረስ ነው። ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞዞም አላቸው፤ በቅሎ 63 ይደርሳታል። የዘር ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ክሮሞዞሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው መቆም አለባቸው። የበቅሎ ክሮሞዞሞች ግን በትክክል የሚገጥማቸው ጥንድ ስለማያገኙ፣ በቅሎ የምትወልደው እጅግ አልፎ አልፎ ነው።

የበቆሎ እሸት ሲልጡ ጢሙን ቶሎ አይጣሉት። አንዱን ክር ይዘው ቀስ ብለው ወደ ታች ይከተሉት፤ የሚያደርስዎ አንዲት ፍሬ ላይ ነው። እያንዳንዷ ፍሬ የራሷ ክር አላት። ከተክሉ አናት ላይ ካለው ወንዴ አበባ የተነሣው ብናኝ በነፋስ መጥቶ የክሩ ጫፍ ላይ ሲያርፍ፣ ቀጭን ቱቦ አብቅሎ በክሩ ውስጥ እስከ ታች ይወርዳል። 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን መንገድ በአንድ ቀን ገደማ ይጨርሰዋል። እሸቱ ላይ ፍሬ የጎደለበት ቦታ ካዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ብናኝ ያላገኘ ክር የነበረበት ነው። ረድፎቹንም ይቁጠሯቸው፤ ተጋማሽ ቁጥር ይሆናሉ።

በዚያ ቱቦ ውስጥ የሚወርዱት የወንዴ ዘር ሕዋሶች ሁለት ናቸው። አንዱ ከእንቁላሏ ጋር ተዋሕዶ ጽንስ ይሆናል፤ ሌላው ከሌሎች ሁለት ኒውክለሶች ጋር ተዋሕዶ ለጽንሱ ስንቅ ይሆናል። ይህን ድርብ ጽንሰት እ.ኤ.አ. በ1898 ያስተዋለው ሩሲያዊው ሰርጌ ናቫሺን ነው። የስንዴ፣ የበቆሎና የጤፍ ዱቄት አብዛኛው ክፍል ያ ስንቅ ነው። እኛ የምንጋግረው ለሕፃኑ ተክል የተቀመጠውን ነው ማለት ነው።

ስለ ጤፍ ከተነሣ አይቀር ትንሽ እንቆይ። ጤፍ ወንዴውንም ሴቴውንም በአንድ ደቃቅ አበባ ውስጥ ይዞ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ለገበሬው ይህ መልካም ነው፤ ዘሩ ከዓመት ዓመት አይለዋወጥበትም። አዳዲስ ዝርያ ለማውጣት ለሚደክም ተመራማሪ ግን ትልቅ እንቅፋት ነበር። ሁለት ዓይነት ጤፍ ለማዳቀል አበባው ራሱን ከማዳቀሉ በፊት የወንዴውን ክፍል ነቅሎ ማውጣት ግድ ነው፤ አበባው መቼ እንደሚከፈት ደግሞ የሚያውቅ አልነበረም። ጤፍን በእጅ ማዳቀል አይቻልም እስከ መባል ተደርሶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ አበባው የሚከፈተው ማለዳ፣ ከ12፡45 እስከ 1፡30 ገደማ ባለው ጊዜ መሆኑን ደረሰበት። ከዚያ ወዲህ ሥራው በማጉያ መነጽር ሥር፣ በቀጭን መርፌ፣ በትዕግሥት የሚሠራ ሆነ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ምርቱ ከሚበዛ አንድ ዝርያና ፍሬው በጣም ነጭ ከሆነ ሌላ ዝርያ የተዳቀለው «ቁንጮ» እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው ተለቀቀ። በመማሪያ መጽሐፎቻችን የሜንዴል አተር የከበረ ቦታ አለው፤ የሚገባውም ነው። ይህ የማለዳ ግኝት አጠገቡ ቢሰፍር ግን ተማሪው የሚማረው ሳይንስ በየዕለቱ ከሚበላው እንጀራ ጋር ይገናኝለታል።

እንሰት በሕይወቱ የሚያብበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አፍርቶ ይሞታል። ገበሬው ግን ዘሩን አይጠብቅም። ከመሬት በታች ያለውን አሚቾ ቆርጦ፣ መሃሉ ላይ ያለውን የዕድገት ጫፍ አውጥቶ መልሶ ይቀብረዋል፤ ዙሪያውን ብዙ ቡቃያ ይፈላል። ቡቃያዎቹ ሁሉ የእናታቸው ግልባጭ ናቸው። ድንች በዓይኑ፣ ሙዝ ከሥሩ በሚወጣው ቡቃያ የሚራቡትም እንዲሁ ነው። ግልባጭነት ፈጣን ነው፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው፤ አንዱን የሚገድል በሽታ ሁሉንም ሊገድል ይችላል።

ቡናችንም እንደ ጤፍ ራሱን በራሱ ያዳቅላል። አረቢካ የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ዲቃላ ሲሆን 44 ክሮሞዞም አለው፤ ሌሎቹ የቡና ዝርያዎች 22።

አደይ አበባን አንድ አበባ ነው ብለው ካሰቡ እንደገና ይመልከቱት። ዙሪያውን ያሉት ቢጫ ቅጠል የሚመስሉት እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባ ናቸው። ዘር አይሰጡም፤ ሥራቸው ነፍሳትን መጥራት ነው። ዘሩን የሚሠሩት መሃል ላይ ተጠቅጥቀው ያሉት ደቃቅ አበቦች ናቸው።

ዋርካ ሥር ተቀምጦ ያደገ ሰው እንኳ የዋርካን አበባ አይቶ አያውቅም። አበባው «ፍሬ» በምንለው ክብ ነገር ውስጥ ተሸሽጓል፤ ፍሬው ብዙ ደቃቅ አበቦችን ወደ ውስጥ አዙሮ የያዘ ከረጢት ነው። ጫፉ ላይ እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለች። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምትሆን ሴት ተርብ በዚያች ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ይረግፋል፤ ተመልሳ የምትወጣበት መንገድ የላትም። ከመጣችበት ፍሬ የያዘችውን ብናኝ አበቦቹ ላይ ታራግፋለች፣ በአንዳንዶቹ ውስጥ እንቁላል ትጥላለች፣ እዚያው ትሞታለች። ከሳምንታት በኋላ መጀመሪያ የሚፈለፈሉት ወንዶቹ ናቸው፤ ክንፍ የላቸውም። ሴቶቹን ገና ካሉበት ሳይወጡ ያገኟቸዋል፣ የመውጫ ቀዳዳ ይቦረቡሩላቸዋል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሴቶቹ ብናኝ ይዘው ሌላ ዋርካ ፍለጋ ይበራሉ። የሾላ ወገን የሆኑት ዛፎች ሁሉ እንዲህ ያሉ የየራሳቸው ተርቦች አሏቸው፤ ተርቧ ከጠፋች ዛፉ ዘር የለውም፣ ዛፉ ከጠፋ ተርቧ መራቢያ የላትም። አንድ ዋርካ ሲቆረጥ የሚጠፋው ጥላ ብቻ አይደለም።

አንዳንድ ዛፎች እንደ እንስሳ ወንድና ሴት ናቸው። የኮሶ ዛፍ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ለመድኃኒት ሲለቀም የኖረው የሴቴዋ ቀላ ያለ አበባ ነው። መድኃኒቱ የሚያስወጣው የኮሶ ትል ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ከሰውነቱ ቁራጮች እያንዳንዱ የወንድም የሴትም የመራቢያ ክፍል አለው። የበሰለች አንዲት ቁራጭ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር እንቁላል ትይዛለች። ወደ ሰው የሚገባው እጩን በያዘ ጥሬ የከብት ሥጋ ነው፤ በደንብ የበሰለ ሥጋ ይህን መንገድ ይዘጋዋል።

ቴምርም እንደ ኮሶ ዛፍ ወንድና ሴት አለው። ከማሳዳ ጥንታዊ ምሽግ ፍርስራሽ የተገኘ 2,000 ዓመት ገደማ የሆነው የቴምር ዘር እ.ኤ.አ. በ2005 በእስራኤል በኬቱራ ኪቡትዝ ተተክሎ በቀለ። ከዕድሜው የተነሣ ማቱሳላ ተባለ፤ ሲያድግ ወንድ ሆኖ ተገኘ። ብቻውን ፍሬ ሊሰጥ አይችልም። ተመራማሪዎቹ ከሌሎች ጥንታዊ ዘሮችም አበቀሉ፤ ሐና የተባለችው ሴቴ በማቱሳላ ብናኝ ተዳቅላ እ.ኤ.አ. በ2020 ፍሬዋ ተለቀመ።

ወደ እንስሳት እንመለስ፤ ፈጠን ብለን።

ቆሮሶ ዓሣ እንቁላሏን የምታስፈለፍለው አፏ ውስጥ ነው፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ።

የጫሞ ሐይቅ አዞ ጫጩት ወንድ ወይም ሴት የሚሆነው በጎጆው ሙቀት ነው፤ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ወንዶች ይበዛሉ፣ ከዚያ ዝቅ ሲል ሴቶች።

በአንድ የሰጎን ጎጆ ውስጥ የብዙ ሴቶች እንቁላል ይገኛል። ቀን ግራጫዋ ሴት፣ ሌሊት ጥቁሩ ወንድ ይታቀፋሉ።

ዶሮ ያለ አውራ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች፤ ጫጩት ግን አይወጣውም። አውራ ካለ 21 ቀን ይበቃል። ፍየል 5 ወር፣ ላም 9 ወር ከጥቂት ቀን፣ ዝሆን 22 ወር ያረግዛሉ።

በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮ መንጋ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው የበላይዋ ሴት ብቻ ናት። የተቀሩት ጎሬውን ይጠብቃሉ፣ ለግልገሎቹ ምግብ ያመጣሉ፤ አንዳንዴ ሌላ ሴት ታጠባለች። እናቲቱ ከጎረቤት መንጋ ወንድ ጋር መገናኘት ታዘወትራለች፤ በመንጋው ውስጥ ያሉት ወንዶች ዘመዶቿ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነውና ይህ ዘሩን ከመቀራረብ ያድነዋል።

አሁን ስለ ሰው። የሴት እንቁላል ከሰውነታችን ትልልቅ ሕዋሶች አንዷ ናት፤ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነች ዓይን በጭንቅ ሊያያት ይችላል። ሴት ልጅ ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን የሚደርሱ ያልበሰሉ እንቁላሎች ይዛ ነው፤ በሕይወት ዘመኗ በስለው የሚወጡት 400 ገደማ ናቸው። እንግዲህ ያስቡት፦ እርስዎ የተገኙበት እንቁላል መሠራት የጀመረው እናትዎ በአያትዎ ማህፀን ውስጥ ሳሉ ነው።

የእናትና የጽንስ ደም አይቀላቀልም። በእንግዴ ልጅ በኩል ኦክስጅን፣ ምግብና ቆሻሻ በስስ ግድግዳ ይተላለፋሉ። እትብት ውስጥ ሁለት አርተሪዎችና አንድ ቬይን አሉ።

በአፋር፣ ጎና በተባለው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2001 የአንዲት ጥንታዊት ሴት የዳሌ አጥንት ተገኘ። ስኮት ሲምፕሰን፣ ስለሺ ሰማውና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ሲያሳትሙት የመውለጃው መንገድ ከተገመተው የሰፋ ነው፣ ትልቅ ጭንቅላት ያለው ሕፃን ሊያልፍበት ይችል ነበር አሉ። ሴቲቱ ከየትኛው የሰው ዘር ወገን ናት በሚለው ላይ ሌሎች ተመራማሪዎች ተከራክረዋል። ያም ሆነ ይህ፣ ቀጥ ብሎ መሄድና ትልቅ ጭንቅላት ያለው ልጅ መውለድ እንዴት እንደሚታረቁ ለመረዳት ዓለም የአፋርን ምድር ይመለከታል።

የልጁን ፆታ የሚወስነው የአባቱ ዘር ነው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ክሮሞዞም ይዛለች፤ የአባት ስፐርም ኤክስ ከያዘ ሴት፣ ዋይ ከያዘ ወንድ ይሆናል። አሜሪካዊቷ ኔቲ ስቲቨንስ ይህን በጢንዚዛ ላይ አጥንታ ያሳወቀችው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም «ሴት ብቻ ወለደች» ተብላ የምትወቀስ፣ አልፎም የምትፈታ እናት አለች። ለዚህ ወቀሳ ምንም መሠረት የለም። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ቤቱ ሄዶ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሊያስረዳው የሚችል ነገር ነው፤ ቢያስረዳ ደስ ይለኛል።

ልጅ ሳይገኝ ሲቀርም ጣት የሚቀሰረው ወደ ሴቷ ነው። ሆኖም ልጅ መውለድ ካልቻሉ ጥንዶች በግማሽ ያህሉ ላይ ከወንዱ በኩል ያለ ችግር ድርሻ አለው። አንድ ስፐርም ከመነሻው እስኪሠራ ከ2 ወር በላይ ይወስዳል፤ ስለዚህ ዛሬ የያዘ ብርቱ ትኩሳት ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ሊሆን ይችላል። የዘር ፍሬ ከሰውነት ውጭ የተንጠለጠለውም ከ2 እስከ 3 ዲግሪ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ስለሚፈልግ ነው። ልጅ ላጡ ጥንዶች ሕክምናም አለ፤ ከሰውነት ውጭ በተካሄደ ጽንሰት የተወለደችው የመጀመሪያዋ ሕፃን ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 እንግሊዝ ውስጥ ተወለደች፤ ሕክምናውን ካስገኙት አንዱ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ ሁሉ ሕክምና በፊት ግን የሚቀድመው የሁለቱም ምርመራ ነው፤ የወንዱ ከሴቷ ይልቅ ቀላል ነው፣ ናሙና ሰጥቶ በማይክሮስኮፕ ማስቆጠር ነው።