የሮሙ የግዕዝ አዲስ ኪዳንና የምስክርነቱ ልክ

መግቢያ

በግሪክ አዲስ ኪዳን እትሞች ግርጌ የንባብ ልዩነቶች ሲዘረዘሩ ከላቲን፣ ከሱርስትና ከቅብጥ ትርጉሞች ጎን የኢትዮጵያው ትርጉምም ለምስክርነት ይጠራል። ይህ ለእኛ ደስ የሚያሰኝ ነው። ስለዚህም በጥናታችንም ሆነ በስብከታችን “ግዕዙም ይህን ይደግፋል” ለማለት እንቸኩላለን። ነገር ግን የተጠቀሰው የትኛው ግዕዝ ነው? በአንዳንድ እትሞች ከኢትዮጵያው ትርጉም ምልክት ጋር የሚታዩት ሁለት ትናንሽ ፊደላት ሮምን ያመለክታሉ። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚያን የሮም እትም ታሪክ በመመልከት፣ ምስክርነቱን እስከ ምን ድረስ ልንጠቀምበት እንደሚገባ ያስረዳል።

እትሙ እንዴት ተዘጋጀ?

በግዕዝ ፊደል የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፍ፣ ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን እ.ኤ.አ. በ1513 በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት ነው። አዲስ ኪዳን የታተመው ከ35 ዓመት በኋላ ነው። ሥራውን የመሩት በቫቲካን አጠገብ በሚገኘው በቅዱስ እስጢፋኖስ የኢትዮጵያውያን ገዳም ይኖሩ የነበሩት የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን ናቸው፤ ተንሥአ ወልድና ዘሥላሴም አብረዋቸው ነበሩ። ዘመኑ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና የብራና መጻሕፍት የተቃጠሉበት ነበር። በእ.ኤ.አ. 1548 ወንጌላት፣ የሐዋርያት ሥራ፣ ወደ ዕብራውያን፣ አጠቃላይ መልእክቶችና ራእይ ታተሙ፤ በ1549 ደግሞ የቀሩት 13ቱ የጳውሎስ መልእክቶች ተከተሉ።

የኅትመቱ ሥራ ቀላል አልነበረም። የላቲን ፊደል ከሃያ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ የግዕዝ ፊደል ግን ከነዲቃሎቹ ከ200 ያልፋል። አንዲት ቅጥል ብትሳት ትርጉሙ ይለወጣል፤ “ነገረ” ስለ አንድ ሰው፣ “ነገሩ” ስለ ብዙዎች ይናገራል። በሮም የነበሩት ፊደል ለቃሚዎች ደግሞ የሚደረድሩትን ማንበብ አይችሉም ነበር። አዘጋጆቹ ይህን አልሸሸጉም። አታሚዎቹ ቋንቋውን፣ እነርሱም የኅትመቱን ጥበብ እንደማያውቁ፣ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ሆነው እንደ ሠሩ ገልጸው አንባቢን ይቅርታ ጠይቀዋል።

የሐዋርያት ሥራ ጉዳይ

ከፊደል ስሕተት የሚበልጠው ጉዳይ በሐዋርያት ሥራ ላይ ይገኛል። በእጃቸው የነበረው የብራና ቅጂ ጎዶሎ ስለ ነበር፣ አዘጋጆቹ የመጽሐፉን አብዛኛውን ክፍል እዚያው ሮም ውስጥ ከላቲንና ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተረጎሙት። ይህንንም በመጽሐፉ ውስጥ ራሳቸው ጽፈውታል፤ የጨመሩት ወይም የተዉት ቢኖር ይቅር እንዲባሉና አንባቢዎች እንዲያርሙት ለምነዋል።

ይህ ለጥናታችን ምን ማለት ነው? የጥንቱ የግዕዝ ትርጉም በአክሱም ዘመን ከግሪክ የተቀዳ በመሆኑ ክብደት ያለው ምስክር ነው። በ1548 ከላቲን የተተረጎመ ቍጥር ግን ከላቲኑ ጋር ቢስማማ ሁለት ምስክሮች አልተገኙም፤ አንዱ ምስክር በሁለት ቋንቋ ተናገረ እንጂ። ዘዳግም 19፥15 ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ሲያዝ፣ ምስክሮቹ በእርግጥ የተለያዩ መሆናቸውን መመርመር የኛ ድርሻ ነው።

ማስጠንቀቂያው ተረስቶ ንባቡ ተሰራጨ። በ1657 በለንደን የወጣው የብራያን ዋልተን ባለ ብዙ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ የግዕዝ አዲስ ኪዳኑን የወሰደው ከሮሙ እትም ነው። ከዚያም ምሁራን “ኢትዮጵያዊ ትርጉም” እያሉ ሲጠቅሱት ኖሩ። ቶማስ ፔል ፕላት በ1830 ያዘጋጀው ሌላ እትም ደግሞ በግርጌ ማስታወሻዎች በራሱ ምልክት ይጠቀሳል።

ጥንቃቄው በተግባር

የሮሙ እትም ይናቅ ማለታችን አይደለም። ሌሎቹ መጻሕፍት ከብራና ቅጂዎች የተወሰዱ ናቸው፤ የሐዋርያት ሥራ ታሪክም የመላው እትም ታሪክ አይደለም። ዛሬ ደግሞ በብዙ የብራና ቅጂዎች ላይ የተመሠረቱ እትሞች አሉ፤ ሮኩስ ዙርሞንድ ማርቆስን በ1989፣ ከርት ኒከም የሐዋርያት ሥራን በ2014 አሳትመዋል። ስለዚህ ተማሪው ግዕዙን ከመጥቀሱ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፦ የተጠቀሰው የትኛው እትም ነው? እትሙ የተመሠረተው በየትኞቹ ቅጂዎች ላይ ነው? ንባቡ የጥንቱ ነው ወይስ ኋላ ከሌላ ቋንቋ የገባ?

ማጠቃለያ

እንዲህ ያለ ምርመራ በቅዱሳት መጻሕፍት ላይ ያለንን እምነት ያናጋል ብለን መስጋት የለብንም። ተስፋ ጽዮንና ባልንጀሮቻቸው የእግዚአብሔርን ቃል ስላከበሩ ጉድለታቸውን በራሱ በመጽሐፉ ውስጥ ጻፉ፤ የሚያርማቸውንም ጠሩ። የብራና ቅጂዎቹ በብዛት የሚገኙት በአገራችን ነውና፣ ጥሪው ከማንም በፊት ለእኛ ነው። ግዕዝ ተምሮ፣ ቅጂዎቹን አመሳክሮ የሚያነብ ተማሪ ያን የቆየ ልመና ይመልሳል።