የገጠር ልጆች ትካዜ ከየት ይመጣል?

አንድ የአሥራ ስድስት ዓመት የገበሬ ልጅ ከእኩዮቹ ርቆ፣ ምግብ ጠልቶ፣ ከብቶቹ ማሳ ሲገቡበት እንኳ ሳያስተውል ሲተክዝ ሲውል ቤተሰቡ መላ ፍለጋ ይወጣል። እናት ዓይን ይሆናል ብላ ጠበል ታስጠምቀዋለች። አባት ሥራ መጥላት ነው ይላል። መምህሩ ስንፍና ያደርገዋል። በጠበሉ የሚጽናና፣ በምክር የሚበረታ ልጅ ስላለ ይህን አላቃልልም። ነገር ግን ሁሉም የሚመረምሩት ልጁን ነው። በአንድ ቀበሌ ያሉ ብዙ እኩያሞች በአንድ ሰሞን አንገታቸውን ሲደፉ ከልጁ አልፎ የሚኖርበትን ሁኔታ መመርመር ያስፈልጋል።

የማኅበረሰብ ጥናት ከጥንስሱ ጀምሮ ይህን ሲጠይቅ ኖሯል። ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም በ1897 እ.ኤ.አ. ራስን ስለ ማጥፋት ባሳተመው መጽሐፍ፣ እጅግ የግል የሚመስለው ተስፋ መቁረጥ ሰዎች እርስ በርስ ከተሳሰሩበትና ምኞታቸው ከሚገራበት ሥርዓት ጋር እንደሚያያዝ ተከራከረ። አሜሪካዊው ሲ. ራይት ሚልስ በ1959 እ.ኤ.አ. ነገሩን በቀላል ምሳሌ አስረዳ፦ በአንድ ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውየውን ጠባይና ችሎታ ማየት ይበቃል፤ ሚሊዮኖች ሲያጡ ግን መታየት ያለበት የአገሩ አሠራር ነው።

በእኛ ገጠር ፍለጋው ከመሬት ቢጀምር ይሻላል። በአማራ ክልል ሰፊው የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም ነው። ከዚያ በኋላ የተወለደ ልጅ ድርሻ አልደረሰውም። በ1997 ዓ.ም የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ 18 ዓመት ሞልቶት ማረስ ለሚፈልግ ሰው መሬት የማግኘት መብት ሰጥቷል፤ የሚሰጠው መሬት ግን አልነበረም። ስለዚህ ወጣቱ የአባቱን ማሳ ከወንድምና ከእህት ጋር እስኪካፈል ይጠብቃል። ያችም ብዙ ጊዜ አንድ ሄክታር አትሞላም። መሬት የሌለው ጎጆ አይወጣም፤ ጎጆ ያልወጣ ደግሞ ዕድሜው ቢገፋም በመንደሩ ሸንጎ ልጅ ነው። መጠበቅ ራሱ ያደክማል።

የቀረው መንገድ ትምህርት ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአብዛኛው ያለው በወረዳው ከተማ በመሆኑ፣ ልጆቹ ሦስትም አራትም ሆነው ጠባብ ክፍል ይከራያሉ። ዓርብ ከትምህርት ሲወጡ በእግር ወደየመንደራቸው ይመለሳሉ፤ እሑድ የሳምንት ስንቃቸውን፣ ድርቆሹን፣ በሶውን፣ ሽሮውን ተሸክመው እንደገና ይወርዳሉ። ሐሙስ ላይ ስንቁ ያልቃል። ታመው ቢያድሩ አጠገባቸው ያለው እንደነሱ ያለ ልጅ ነው። ሴቷ ከዚህ ሌላ የመንገዱንና የተከራየችበትን ግቢ ስጋት ትሸከማለች፤ ከቤት ርቃ መኖሯ ብቻውን ስሟን ለሐሜት ያጋልጣል። ቤት ደግሞ ከእረኝነትና ከውኃ መቅዳት የጎደለው ጉልበት እየታሰበ፣ ወላጅ የበግ ዋጋ እየላከ ይጠብቃቸዋል። ይህን ሁሉ የተሸከመ ልጅ ለማን ከፍቶኛል ይላል? ቤተሰቡን ማሳዘን ነውር ይሆንበታል።

ከዚያ ፈተናው ይመጣል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ገብተው ሲፈተኑ፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ ሆኑ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች በሁለቱም ዓመታት ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። ኩረጃን ማስቆሙ ትክክል ነበር፤ በዚህ አልከራከርም። ዳሩ ግን ከመቶ ዘጠና ስድስቱ ወይም ዘጠና ሰባቱ ሲወድቁ የወደቀው ትምህርቱ ነው። መንደር ውስጥ ግን «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ነው የሚባለው። ልጁ የአገሩን ጉድለት በራሱ ስም ተሸክሞ፣ ወደሌለው መሬት ይመለሳል።

ለሴት ልጅ በሩ ቀድሞ ይዘጋል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ወላጆች ሕጉን አያውቁም ማለት አይቻልም፤ «ቆማ ቀረች» መባሉን ከሕጉ ይልቅ ይፈራሉ። በ1996 ዓ.ም በአማራ ክልል ይልማና ዴንሳ ወረዳ ውስጥ በሞሰቦ የተጀመረው «ብርሃነ ሔዋን» የተባለ ፕሮጀክት ሴት ልጆችን በየሰፈሩ በቡድን አሰባሰበ፤ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጠ፤ እስከ መጨረሻው ለዘለቁት በግ ወይም ፍየል ሸለመ። ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት በትምህርት ቆዩ፤ ጋብቻቸውም ዘገየ። ከ15 እስከ 19 ባሉት ግን ጋብቻን ማዘግየት አልቻለም። በዚህ ዕድሜ የምትጠብቀው ሌላ ነገር ከሌላት ደብተርና በግ ብቻውን አያቆያትም። ብዙዎቹ ወደ ዓረብ አገር መሄድን የሚያስቡትም በዚሁ ሰዓት ነው።

«የዛሬ ልጅ ሆደ ባሻ ነው፤ እኛ ከዚህ የባሰ አሳልፈናል» የሚሉ ታላላቆች አሉ። ያሳለፉት መከራ እውነት ነው። ነገር ግን ለእነሱ ዶክተርና ኢንጂነር ትሆናላችሁ ብሎ ቃል የገባላቸው አልነበረም፤ ከእረኝነት ወደ ጎጆ ሲሻገሩም መሐል ላይ የሚንገላቱበት ዘመን አጭር ነበር። ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ 3,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ልጆችን የተከታተለው «ያንግ ላይቭስ» የተባለ ጥናት እንዳሳየው፣ አብዛኞቹ በ12 ዓመታቸው ዩኒቨርሲቲ መግባት ይመኙ ነበር። የዛሬውን ትካዜ የሚያከብደው ድህነቱ ብቻውን አይደለም፤ ተሰጥቶ የታጠፈው ቃል ነው። በላዩ ላይ በ2013 ዓ.ም በሰሜን የተነሣው ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት መጣ። ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ውጭ ሆኑ፤ የተስፋው በር ራሱ ተዘጋ።

ሕመም የሆነ ድብርት ሕክምና ይፈልጋል፤ በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ልጆቹን ለመስማት ቅርብ ናቸውና ሥልጠናው ይድረሳቸው። የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገነባ የተማሪዎች ማደሪያ አብሮ ይታሰብ። ላልተፈተነና ለወደቀ ልጅም በአቅራቢያው የሚይዘው ሙያ ይኑር፤ ያለዚህ ምክር ብቻ ልጁን ለብቻው ጥፋተኛ ማድረግ ነው።

ከተማም ሆነ ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች ደግሞ በውጤት ሰሞን ስትደውሉ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት እንቅልፉን፣ ውሎውን፣ ሐሳቡን ጠይቁት። መኖር አስጠላኝ ካላችሁ የልጅ ወሬ ነው ብላችሁ አትለፉት። የዚያኑ ዕለት ብቻውን እንዳያድር ቤተሰቡን ንገሩ፤ ወደ ጤና ጣቢያም እንዲወስዱት አድርጉ።