ከአበዳሪ መሸሽ ቤት ያሳጣል

በ2015 እ.ኤ.አ. ሜሪላንድ ውስጥ ስንኖር ባለቤቴ ከሥራ ተቀነሰ። የቤቱን ወርሃዊ ክፍያ በእኔ ደመወዝ ብቻ መሸፈን አልተቻለም። ከአበዳሪው የሚመጡትን ፖስታዎች ሳልከፍት መሳቢያ ውስጥ እከታቸዋለሁ፤ ስልኩ ሲጮህ ድምፁን አጠፋለሁ። ባለዕዳ አበዳሪው ባለበት መንገድ አያልፍም ሲባል ነው ያደግሁት። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ የባሰ ስህተት የለም።

እዚያ ደዋዩ ብዙውን ጊዜ ያበደረው ባንክ አይደለም። ብድሩ ተሸጦ ሊሆን ይችላል፤ ክፍያ የሚሰበስበውና ከተበዳሪው ጋር የሚነጋገረው «ሰርቪሰር» የሚባል ድርጅት ነው። ከ2014 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ ሰርቪሰሩን (ከትናንሾቹ በስተቀር) ክፍያ በዘገየ በ36 ቀን ውስጥ ተበዳሪውን ለማነጋገር እንዲሞክር፣ በ45 ቀን ውስጥ ደግሞ ስላሉት አማራጮች በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድደዋል። ቤቱን የመውረሱ ሒደትም በአብዛኛው ውዝፉ ከ120 ቀን ሳያልፍ አይጀመርም። አራት ወር ማለት ነው፤ እኔ ሦስቱን አቃጥያለሁ።

መሳቢያውን ያስከፈተችኝ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ጓደኛዬ ናት። አንዱን ፖስታ ቀዳ አነበበችና፣ «አንቺ! ማመልከቻ እኮ ነው የላኩልሽ!» አለችኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። ሦስት ሠራተኞች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጡኝ። ከዚያ ወዲያ ደብተር ያዝኩ፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተናጋሪውን ስምና የተባልኩትን ሁሉ እጽፍበታለሁ፤ ዋና ዋናውንም በደብዳቤ አረጋግጣለሁ። «ሰነድሽ አልደረሰንም» ሲሉኝ ያዳነኝ የፋክስ ማረጋገጫ ወረቀት ነበር።

ስትደውሉ መለማመጥ አያስፈልግም። ገቢያችሁ ለምን እንደቀነሰ፣ አሁን በወር ስንት መክፈል እንደምትችሉና ችግሩ መቼ ያልፋል ብላችሁ እንደምታስቡ ንገሩ። ችግሩ ጊዜያዊ ከሆነ ክፍያው ለወራት እንዲታገስላችሁ ወይም ውዝፉ ተከፋፍሎ እንዲከፈል፣ የሚዘልቅ ከሆነ የብድሩ ውል እንዲሻሻል ጠይቁ። የማትችሉትን ቃል ግን አትግቡ፤ አንዴ ካፈረሳችሁት ሁለተኛው ድርድር ይከብዳል።

የተሟላ ማመልከቻ ከሐራጁ ቀን ከ37 ቀን በላይ ቀድሞ ከደረሰ፣ ሰርቪሰሩ በ30 ቀን ውስጥ መርምሮ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት፤ እስከዚያም ቤቱን መሸጥ አይችልም። ብዙ ሰው የሚወድቀው «የተሟላ» የምትለው ቃል ላይ ነው። የእኔ በአንዲት የደመወዝ ወረቀት ጉድለት ተመልሶብኛል።

በመካከሉ አንድ የአገር ልጅ «እኔ ልደራደርልሽ» ብሎ 2,000 ዶላር በቅድሚያ ጠየቀኝ። ልሰጠው ምንም አልቀረኝም ነበር! ጠበቆችን የሚመለከት የተለየ ሁኔታ ቢኖርም፣ እንዲህ ያለ ቅድመ ክፍያ ከ2011 ወዲህ በፌዴራል ደንብ ክልክል ነው። የቤቶችና ከተማ ልማት መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጣቸው አማካሪዎች ይህንኑ ሥራ በነፃ ይሠራሉ፤ የእኛን ማመልከቻ የሞላችው ከእነሱ አንዷ ናት።

ውሉ ተሻሻለልን። ውዝፉ በዋናው ብድር ላይ ተደመረ፣ የመክፈያው ዘመን ረዘመ። ጠቅላላ ዕዳችን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም፤ ወርሃዊ ክፍያው ግን በእኔ ደመወዝ የሚቻል ሆነ።