ከፈነዳ ኮከብ ፍርስራሽ ውስጥ ኒውትሮን ኮከብ ፍለጋ

ቻንድራ የተባለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1999 ጠፈር ላይ እንደ ወጣ ካያቸው ነገሮች አንዱ ካሲዮፔያ ኤ ነበር። 11,000 የብርሃን ዓመት ገደማ ርቆ የሚገኝ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው። መሐሉ አካባቢ፣ ቀደምት ቴሌስኮፖች አጥርተው ያላሳዩት አንድ ደማቅ ነጥብ ታየ።

ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ ውጫዊ አካሉ ይበተናል፤ እምብርቱ ግን ይደረመስና ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ሉል ውስጥ ሊታጨቅ ይችላል። ኒውትሮን ኮከብ የሚባለው ይህ ነው። ወጣት ሳለ ገጹ ከሚሊዮን ዲግሪ በላይ ስለሚግል በኤክስሬይ ያበራል። ይህን ጨረር የምድር አየር ስለሚያስቀረው ፈላጊው መሣሪያ ከአየር በላይ መውጣት አለበት።

ነጥብማ ሞልቷል፤ ጭንቁ መለየቱ ነው። ከፊት ያለ ተራ ኮከብም፣ ከኋላ ያለ ሩቅ ጋላክሲም በኤክስሬይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ያንኑ ቦታ በተለመደው ብርሃንና በኢንፍራሬድ ደግመው ያዩታል። ተራ ኮከብ ከሆነ እዚያም ፍንትው ይላል፤ በኤክስሬይ ደምቆ በሌላው ከጠፋ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ክራብ በተባለው ሌላ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ውስጥ ያለው ኒውትሮን ኮከብ በሰከንድ 30 ጊዜ ያህል ብልጭ እያለ ራሱን አጋልጧል። የካሲዮፔያው ግን እንዲህ ያለ ብልጭታ አልተገኘበትም። ይባስ ብሎ፣ ከባቢ አየሩ ሃይድሮጅን ነው ተብሎ ሲሰላ የሚያበራው ስፍራ ለሙሉ ኒውትሮን ኮከብ አነሰ። የሚያበራው ከገጹ አንድ ትኩስ ቁራጭ ብቻ ነው እንዳይባል፣ ኮከቡ ሲሽከረከር ቁራጩ ብቅ ጥልቅ ማለት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2009 ዊን ሆ እና ክሬግ ሃይንኬ የተባሉ ተመራማሪዎች ሃይድሮጅኑን በካርቦን ተክተው አሰሉት። 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የካርቦን ከባቢ አየር ሲታሰብ ልኩ ገጠመ። እኔን ከምስሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ስሌት ነው፤ በዚያ ሁሉ ርቀት የስንዝር ግማሽ የምታህል ልባስ!

ፈልጎ ማጣትም አለ። የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ታይኮ ብራሄ እ.ኤ.አ. በ1572 ያየው ፍንዳታ፣ ጨርሶ የሚበተን የነጭ ድንክ ኮከብ ስለነበረ የሚቀር እምብርት አይጠበቅበትም። ሱፐርኖቫ 1987ኤ የተባለው የኮከብ ፍንዳታ ግን ለዓመታት አነጋግሯል። ብርሃኑ ከመድረሱ ከጥቂት ሰዓታት በፊት ኒውትሪኖዎች ምድር ላይ ተመዝግበው እምብርቱ መደርመሱን አረጋግጠዋል፤ ኒውትሮን ኮከቡ ግን በፍርስራሹ ስለተሸፈነ ኤክስሬይ ነጥሎ ሊያሳየው አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የተጠቀሙ ተመራማሪዎች መሐሉ ላይ ከኤሌክትሮኖቹ ከፊሉን ያጣ አርጎን ማግኘታቸውን አሳወቁ፤ ኤሌክትሮኖቹን የነጠቀው ኃይለኛ ጨረር ከኒውትሮን ኮከብ ሳይመጣ አልቀረም።