ጉልበትዎ «ተወኝ» ሲልዎት፦ ራኬት ለሚይዙ ወንድሞችና እህቶች



ከዐስር ሶላት በኋላ በየሰፈሩ በተዘረጋ የጠረጴዛ ቴኒስ ዙሪያ ወጣቱም ጎልማሳውም ተሰብስቦ ተራውን ሲጠብቅ ማየት ለአዲስ አበባ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ባድሚንተን የቆየ ተወዳጅ ጨዋታ ሲሆን፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ፓድል የተባለው በመስታወት በታጠረ ሜዳ የሚካሄድ ጨዋታ ተስፋፍቷል። እዚያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መካከልም ከሥራ በኋላ ራኬት የሚይዙ አሉ። ይህ ሁሉ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር መቆጣጠሪያ የሚጠቅም መልካም ልማድ ነው። ችግር የሚመጣው ጉልበት ሲያኮርፍ ነው።

አንድ የማውቀው የ46 ዓመት ወንድም ነበር። በሳምንት ስድስት ቀን ይጫወታል። ከሎሚው በታች ሕመም ሲጀምረው «ሲሞቅ ይተወኛል» እያለ ወራት አሳለፈ። በእርግጥም ሲሞቅ ይተወው ነበር፤ ማታ ግን ይብስበታል። መጀመሪያ ደረጃ ሲወርድ፣ ቀጥሎ ከተሸሁድ ሲነሳ፣ በመጨረሻ ግን ግንባሩን መሬት ማስነካት አቅቶት ወንበር ላይ መስገድ ጀመረ። እርሱን ያስከፋው ጨዋታው መቅረቱ ሳይሆን ሱጁዱ ነበር።

ለምን ጉልበት?

ቀጥ ብሎ የሚሮጥ ሰው ጉልበቱን እንደ ማጠፊያ ይጠቀምበታል። ራኬት የያዘ ሰው ግን ይሮጣል፣ ድንገት ይቆማል፣ ይዞራል፣ አንድ እግሩን ወደፊት ወርውሮ በታጠፈ ጉልበት ያርፋል፣ ወዲያው ወደኋላ ይመለሳል። ጉልበት በታጠፈ መጠን የጉልበት ሎሚ ከጭን አጥንት ጋር የሚፈጥረው ጫና ይጨምራል። በጠረጴዛ ቴኒስ ሩጫው ትንሽ ቢመስልም ተጫዋቹ ጉልበቱን አጥፎ፣ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ወገቡን ደጋግሞ ያዞራል። ሜዳው ሲሚንቶ ከሆነ ደግሞ ሸክሙ ይብሳል።

ይህ በታላላቆቹም ላይ ደርሷል። ስፔናዊው ራፋኤል ናዳል እ.ኤ.አ. በ2009 የዊምብልደን ሻምፒዮንነቱን ሳይከላከል የቀረው በጉልበት ጅማት ሕመም ነበር። በ2012ም ለሰባት ወራት ያህል ከሜዳ ራቀ፤ በ2013 ተመልሶ ግን የፈረንሳይንና የአሜሪካን ውድድሮች አሸነፈ። ቱኒዚያዊቷ እህታችን ኦንስ ጃቤር በ2024 ከፓሪስ ኦሎምፒክ የቀረችው፣ ከሣር ሜዳ በፍጥነት ወደ ሸክላ አፈር ሜዳ መዛወሩ ጉልበቷን አደጋ ላይ ይጥላል ስለተባለች ነው። የባድሚንተኗ ካሮሊና ማሪን ታሪክ ደግሞ ያሳዝናል። በ2019 የቀኝ፣ በ2021 የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ፤ በ2024 ፓሪስ ላይ በግማሽ ፍጻሜ እየመራች ሳለ ቀኙ እንደገና ተጎዳ።

የናዳል ዓይነቱ ሕመም ከድካም ብዛት ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ የማሪን ዓይነቱ በአንድ ቅጽበት የሚደርስ ነው። ሕክምናቸውም የተለያየ ስለሆነ የእርስዎ የትኛው እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል።

ሕመሙ የት ነው?

ጣትዎን ከሎሚው በታች ባለው ጅማት ላይ ሲያሳርፉ ነጥሎ የሚያምዎት ከሆነ፣ ሲዘሉና ሲቆሙም የሚብስ ከሆነ፣ የጅማት ድካም ሊሆን ይችላል። ሕመሙ በሎሚው ዙሪያ ወይም ከሥሩ ሆኖ ደረጃ ሲወርዱ፣ ቁጢጥ ሲሉ ወይም ረጅም ሰዓት ታክሲ ውስጥ ሲቀመጡ የሚጸና ከሆነ ደግሞ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኝበት ቦታ ተቆጥቶ ይሆናል። ከ45 ዓመት በላይ ለሆኑና ጠዋት ለጥቂት ደቂቃ ጉልበታቸው ለሚደርቅባቸው ሰዎች የመገጣጠሚያ ልም አጥንት መሳሳት ይታሰባል።

ሲዞሩ «ጧ» የሚል ነገር ተሰምቶዎት ጉልበትዎ በሰዓታት ውስጥ ካበጠ፣ ሲራመዱ የሚከዳዎት ከሆነ፣ ተቆልፎ አልዘረጋ ካለ ወይም እግርዎን መርገጥ ካቃተዎት ግን ቤት ውስጥ መጠበቅ አይገባም፤ ሐኪም ይመርምርዎት። ጉልበት ቀልቶ፣ ግሎ ከትኩሳት ጋር ከመጣ በዚያው ዕለት ይሂዱ። ሴት ልጆቻችሁ የሚጫወቱ ከሆነ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በሚያዞሩና በሚያዘልሉ ስፖርቶች የጉልበት ውስጥ ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ ይበዛል፤ ስለዚህ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴው ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ያስቀምጡበት፤ በረዶውን በቀጥታ ቆዳ ላይ አያሳርፉ። በላስቲክ ፋሻ ለስለስ አድርገው ይሰሩት፤ ሲተኙ እግርዎን በትራስ ከፍ ያድርጉ። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ መታሸት ብዙዎቻችን የለመድነው ነው፤ ወጌሾቻችንንም እናከብራለን። ይሁን እንጂ ምኑ እንደተጎዳ ያልታወቀና ያበጠ ጉልበት በኃይል ሲታሽና ሲጎተት ጉዳቱ ሊብስ ይችላል። ከላይ የጠቀስኩት ወንድም ያበጠ ጉልበቱን ካሳሸ በኋላ ሁለት ሳምንት አንክሷል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ በቀላሉ ስለሚገኙ እንደ ከረሜላ የሚወስዱ አሉ። ለጥቂት ቀን ይረዳሉ፤ ነገር ግን ጨጓራን ያቆስላሉ፣ ኩላሊትን ይጎዳሉ፣ የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋሉ። በተለይ በረመዳን በባዶ ሆድ በተምርና በውኃ ብቻ መዋጥ አይገባም፤ ከምግብ በኋላ ይሁን። ሕመሙን አደንዝዞ ለመጫወት ብሎ መዋጥ ደግሞ የባሰ ስህተት ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደወሉን ማጥፋት ማለት ነውና።

ሙሉ በሙሉ መተኛትም መድኃኒት አይደለም። ጡንቻ ሲሰንፍ ጅማቱ ብቻውን ሸክም ይሸከማል።

ማጠናከሪያው

ጀርባዎን ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ እግሮችዎን ወደፊት አውጥተው ጉልበትዎ እስከሚፈቅድ ዝቅ ይበሉና ለ45 ሴኮንድ ይቆዩ፤ አርፈው አምስት ጊዜ ይድገሙት። ይህ ለጅማት ሕመም ጥሩ መነሻ ነው። ሲሻልዎት ከወንበር ያለ እጅ ድጋፍ መነሳትና ሦስት እየቆጠሩ ቀስ ብሎ መቀመጥን፣ ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር ይጨምሩ። በጎን ተጋድመው የላይኛውን እግር ማንሳት የዳሌ ጡንቻን፣ በጣት መቆም ደግሞ ባትን ያጠናክራል። በሳምንት ሦስት ቀን ይበቃል። ሲሠሩ ቀለል ያለ ሕመም ቢሰማ አያስደነግጥም፤ በማግስቱ ጠዋት ከቀድሞው ብሶ ከተነሱ ግን አብዝተዋልና ይቀንሱ። ጅማት እስኪጠነክር 12 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ብዙ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ተሽሎኛል ብሎ ይተወዋል፤ በስድስተኛው ይመለሳል።

ስለ ጫማ አንድ ነገር ልበል። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደፊት ለመሄድ ነው፤ ሶሉ ከፍና ለስለስ ያለ ስለሆነ ወደ ጎን ሲረግጡ እግርን ያጋድላል። ሶሉ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ጠንከር ያለ ጫማ ይምረጡ። በነጠላ ጫማ ጠረጴዛ ቴኒስ የሚጫወቱትንማ ምን እላቸዋለሁ! ከመጀመርዎ በፊት 10 ደቂቃ ሰውነትዎን ያሟሙቁ፤ ወደፊት ሲራመዱ ጉልበትዎ ወደ ውስጥ ሳይታጠፍ ከእግርዎ ጣቶች ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሁን።

ማዕዱና መስገጃው

ክብደታቸው ከልክ ያለፈና የጉልበት መገጣጠሚያቸው የተጎዳ ሰዎች አንድ ኪሎ ሲቀንሱ፣ በየእርምጃው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና በአራት ኪሎ ያህል እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ጡንቻን የሚገነባው ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ዓሣና ወተት ነው። የቅልጥም መረቅ ይጣፍጣል፤ የተጎዳ ጅማትን ይጠግናል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። በረመዳን ጠንከር ያለውን ጨዋታ ከኢፍጣር በኋላ ውኃ ጠጥተው ቢያደርጉት ይሻላል።

ጉልበትዎ ባበጠበት ሰሞን ወፍራም መስገጃ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ ከጉልበትዎ ሥር ያድርጉ፤ ሲነሱም እጅዎን ተመርኩዘው ይነሱ። ማጠፍ ከነጭራሹ ካልተቻለ ሸሪዓችን ለታመመ ሰው ያገራውን የሰፈርዎን ኢማም ይጠይቁ።

ያ ወንድም ዛሬ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ይጫወታል፤ ግድግዳውንም አልተወም። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው በሱብሒ ጀመዓ ላይ ወንበሩን ትቶ ሰልፍ ውስጥ ቆሞ አየሁት።