«ጨጓራ ነው» ተብላ የተመለሰች ልጅ

ነቀምት ውስጥ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ምግብ አልወርድ ሲላት መጀመሪያ የምትወሰደው ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ ነው። ደም ትሰጣለች፣ ሰገራ ትመረመራለች፤ ብዙውን ጊዜም «ታይፎይድ አለብሽ» ወይም «ጨጓራ ነው» ትባልና ኦሜፕራዞሏን በላስቲክ ይዛ ትመለሳለች። ካልተሻላት ሌላ ክሊኒክ፣ ከዚያ እንደ ቤተሰቡ እምነት ጠበል ወይም የጸሎት ቤት ይቀጥላል። ጎረቤት ደግሞ «ዓይን በልቷት ነው» ይላል። በጊምቢም፣ በነጆም፣ በደምቢ ዶሎም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። በዚህ ሁሉ ደጅ አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይቀራል፦ «ምግቡ እምቢ ብሎሽ ነው ወይስ አንቺ እምቢ ብለሽው?»

ጥያቄው መዘለሉ አይገርምም። በወለጋ የከሳ ልጅ ሲታይ ቀድሞ የሚታሰበው እጦት ነው፤ መታሰቡም ልክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ክብደታቸው ከሚገባው በታች እንደሆነ መዝግቧል፤ ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ዘንድ ቁጥሩ ወደ 29 በመቶ ይጠጋል። በዚህ ላይ ያለፉት ዓመታት ግጭት ተጨመረ፦ ከኪረሙ፣ ከጊዳ አያናና ከሆሮ ጉዱሩ የተፈናቀለው ሰው፣ የተዘጋው መንገድ፣ ጦም ያደረው ማሳ። ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረውም አለ፤ እሁድ የመጣለት ስንቅ ሐሙስ ላይ ሲያልቅ ዓርብን በሻይና በዳቦ የሚገፋ። እንዲህ ባለ አገር «ምግብ እያለ አልበላም አለች» የሚለው ስሞታ ቅንጦት ይመስላል። የፈረንጅ በሽታ፣ ቢበዛ የቦሌ ልጆች በሽታ።

ቅንጦት ግን አይደለም። የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ገልና የፓሪሱ ሻርል ላሴግ እ.ኤ.አ. በ1873 እያንዳንዳቸው የገለጹት፣ ዛሬ አኖሬክሲያ ነርቮሳ የሚባለው ሕመም፣ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ከሚገድሉት ጎራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ የበርካታ ጥናቶች ድምር እንዳሳየው ከታመሙ 1000 ሰዎች በየዓመቱ 5 ያህሉ ይሞታሉ፤ ከሟቾቹም ከአምስት አንዱ ራሱን ያጠፋ ነው። ሌላው ቡሊሚያ ነው፦ በድብቅ ያለ ልክ በልቶ ማስመለስ። ይህ ሰውነትን ላያከሳ ስለሚችል ለዓይን ይብሱን ይሰወራል።

እጦትና እምቢታ ደግሞ ሁለት የማይገናኙ ነገሮች አይደሉም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945፣ አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚኒሶታ 36 ጤናማ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር አስራበ። ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ትልቁ ግኝት ግን ከሰውነታቸው ይልቅ ጠባያቸው ላይ የታየው ነው። ቀን ከሌት ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሰበሰቡ፣ ቁራሿን በጥቃቅኑ ቆራርጠው ሰዓት ሙሉ ያኝኳት ነበር፤ በረዳቸው፣ ነጭናጮች ሆኑ፣ ከሰው ራቁ። እንደ ልብ ብሉ ከተባሉ በኋላም አንዳንዶቹ ለወራት መጥገብ አቃታቸው። ረሀብ ከየትም ይምጣ አእምሮን ይለውጣል ማለት ነው። በስንቅ ማነስ፣ በእውነተኛ ታይፎይድ ወይም በጾም የጀመረ መክሳት ጊዜ ሲያገኝ በራሱ ጉልበት መሄድ ይችላል፤ በተለይ ልጅቱ «አሁን አማረብሽ» የሚል ሰው ካገኘች፣ ወይም ሁሉም ነገር ከእጇ ባመለጠበት ሰሞን ረሀቧን ብቻ ማዘዝ እንደምትችል ከተሰማት።

የእኛ ገበታ ይህን ለመደበቅ ያመቻል። የግል ሳህን የለም፤ ትሪው አንድ ነው። ልጅቱ እንጀራዋን ትቆርሳለች፣ ወጡን ታጠቅሳለች፣ ከዚያ ለታናሽ ወንድሟ ታጎርሳለች። ውሃ ለማቅረብ ትነሳለች፣ ቡናውን ልታይ ትሄዳለች። «ወጡን ስሠራ ስቀምስ ጠገብኩ»፣ «ጓደኛዬ ቤት በልቻለሁ» ትላለች። እናት «ኛዹ!» (ብዪ!) ብላ ስትቆጣ ሁለት ጉርሻ ትወስድና ወዲያው ወደ ጓሮ ትወጣለች። በቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምታስተናግደው ከሁሉ በታች የምትበላው ልትሆን ትችላለች፤ እንግዳ ደግሞ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ!» ብሎ መርቋት ይሄዳል።

ሁለተኛው መደበቂያ ጾም ነው፤ ይህን በጥንቃቄ መናገር ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት በሰሜን ምሥራቅ ጋና ባሉ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች 668 ሴት ተማሪዎችን አይቶ ነበር። ራሳቸውን በማስራብ ብቻ እጅግ የከሱ 10 ልጆች ተገኙ። መወፈርን እንፈራለን አላሉም፤ መልክና ቁመናም አላስጨነቃቸውም። ምግብ መተዋቸውን ያዩት በሃይማኖት ዓይን፣ ሥጋን እንደመግዛት አድርገው ነበር። ሐኪሙ «መወፈር ትፈሪያለሽ?» ብቻ ብሎ ቢጠይቅ አንዷንም አያገኛትም ነበር።

ወለጋ ውስጥ ኦርቶዶክሱ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ የዓመቱን ግማሽ ያህል ይጾማል፤ የመካነ ኢየሱስና የሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ወጣቶች የጾም ጸሎት ይይዛሉ፤ ሙስሊሙ ረመዳን አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ሲቃረብ ደግሞ የሚጾመው ይበዛል። ጾም በሽታ ነው የሚል ካለ አገሩን አያውቅም። ነገር ግን ጾም ይፈታል። ከጓደኞቿ ጋር ጾማ የፋሲካ ዕለት ዶሮው ሲቀርብ አብራ የምትበላ ልጅ ጾመኛ ናት። ትንሣኤም ሆኖ፣ ኢድም ሆኖ ምክንያት የማታጣ፣ ለራሷ ብቻ ሌላ ሱባኤ የምትጨምር ከሆነች ግን ነገሩ ከጾም ወጥቷል። እዚህ ላይ ከሐኪም ይልቅ የሚደመጡት የንስሐ አባት፣ መጋቢና ኢማም ናቸው፤ ሦስቱም ዘንድ የታመመ ሰው እንዲበላ የሚፈቅድ ሥርዓት አለ። «ላንቺ አሁን ጾምሽ መብላት ነው» የሚለው ቃል ከቄስ አፍ ሲወጣ የሚሠራውን ነጭ ጋውን አይሠራውም።

ስልኩም ድርሻ አለው። ተመራማሪዋ አን ቤከር በፊጂ ያጠናችው ይታወቃል፦ ቴሌቪዥን በገባ ሰሞን፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ክብደት ለመቀነስ አስመልሳለሁ ያለች ተማሪ አልነበረችም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ 11.3 በመቶ ሆኑ። መወፈር ክብር በነበረበት ማኅበረሰብ ማለት ነው። «ወፈር ብለሻል፣ ተስማምቶሻል» ምርቃት የሆነባቸው ከተሞቻችን ዛሬ ቲክቶክ ላይ ናቸው፤ ወንዶቹም በጂምና በሲክስ ፓክ በኩል እየገቡበት ነው።

ታዲያ የጤና ባለሙያው ምን ይይ? በቅድሚያ ሌላውን ማጣራት አለበት፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስኳር፣ እንቅርት፣ የአንጀት ትል፣ እርግዝና። ተፈናቅላ የመጣች ልጅ አልበላም ስትል ድብርት ወይም ያየችው ነገር ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱም ልጅ ያንቀኛል ብሎ መዋጥ ስለሚፈራ ነው የማይበላው። ከዚያ እጅ መንካት፣ የልብ ምት መቁጠር። የቀዘቀዙ ጣቶች፣ በደቂቃ ከ50 በታች የሚመታ ልብ፣ ሲቆሙ የሚወርድ የደም ግፊት፣ የቀረ የወር አበባ፣ ክንድ ላይ የበቀለ ስስ ጸጉር፣ ጣት ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ጥርስ የጫረው የጣት አንጓ። አብዛኛው ሰዓትና የደም ግፊት መለኪያ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይጠይቅም።

ሕክምናው ላይ ስንደርስ ወለጋ ባዶ እጇን አይደለችም። የከፋ መክሳት የደረሰበትን ሰው በአንድ ጊዜ ማጥገብ ሊገድል ይችላል፤ በደም ውስጥ ያለው ፎስፌትና ፖታሲየም በድንገት ወርዶ ልብ ይቆማል። ይህን የአገራችን ነርሶች ከሕፃናት ሕክምና ያውቁታል። ስታብላይዜሽን ሴንተር የገባ ሕፃን በኤፍ-75 ወተት በትንሽ በትንሹ ይጀምርና ሲረጋጋ ብቻ ወደ ኤፍ-100 ወይም ወደ ፕላምፒ ነት ይሻገራል። ለአንዲት የ16 ዓመት ልጅም መርሁ ያው ነው፤ መጠኑና ክትትሉ ይለያል። የጎደለው ማየቱ ነው። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ያለው የክንድ መለኪያ ክር፣ 11.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀይ የሚለው፣ ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የተሠራ ነው። ልጅቱ በእናቷ ጎን ቆማ የታናሽ እህቷ ክንድ ሲለካ እሷን የሚያይ የለም።

አኖሬክሲያን የሚያድን ክኒን አልተገኘም። በልጆች ላይ በተሻለ የተፈተነው ሕክምና ቤተሰብ ነው። በለንደኑ ሞድስሊ ሆስፒታል ተጀምሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመው ጥናት፣ ከ19 ዓመታቸው በፊት የታመሙና ሕመሙ ሦስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ከግል ምክር ይልቅ በቤተሰብ ሕክምና እንደሚሻላቸው አሳየ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ወላጆች «ጥፋቱ የእናንተ ነው» አይባሉም፤ ልጅቱም «ግትር ናት» አትባልም። ምን ያህል እንደምትበላ የሚወስኑት ለጊዜው ወላጆች ይሆናሉ፤ በቀን ሦስት ምግብና መክሰስ፣ እስክትጨርስ አብሮ መቀመጥ፣ በየሳምንቱ መመዘን። ክብደቷ ሲመለስ ምርጫው ቀስ በቀስ ለእሷ ይመለሳል፤ ስላስጨነቃት ነገር ማውራቱም ያኔ ይሰምራል። የቡሊሚያ ሕክምና መሠረቱ ሰዓቱን የጠበቀ ምግብ ነው፤ ያለ ልክ መብላቱን የሚጠራው ቀኑን ሙሉ የተያዘው ረሀብ ነውና።

በወለጋ ቤት ይህ ባዕድ አይሆንም። የወለደችን፣ አጥንቱ የተሰበረን ሰው በአንጮቴ ሥርና በቅቤ በራሰ ማርቃ (ገንፎ) የሚያነሳ አገር ነው፤ አራስን አጠገቧ ተቀምጦ ማብላት ያውቅበታል። መለወጥ ያለበት ነገር ቢኖር ለልጅቱ ሳህኗን ለብቻ ማድረግ ነው፤ በጋራ ትሪ ላይ የበላችው አይታወቅም። ማስፈራራትና ማልቀስም አይረዱም፤ ገበታው ላይ ስለ ሌላ ነገር መጫወት ይሻላል።

የሥርዓቱ ክፍተት ሌላ ነው። አገሪቱ የአእምሮ ሕክምናን ወደ ጤና ጣቢያ ለማውረድ የተጠቀመችበት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው፣ ለድብርት፣ ለሚጥል በሽታና ለሱስ ምዕራፍ ሲኖረው ለአመጋገብ መዛባት የለውም። ስለዚህ የሠለጠነው ነርስ እንኳ አልተነገረውም። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ታማሚ ሁሉ ጅማ ወይም አዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ካልሄደ የሚባልበት ዘመን እያለፈ ነው፤ ነገር ግን የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የምግብ እጥረት ክፍልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል እርስ በርስ ታማሚ ካልተላላኩ በአንድ ግቢ መሆናቸው ዋጋ የለውም። ሳምንታዊውን ሚዛን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጤና ኬላ ላይ ልትይዘው ትችላለች፤ ልጅቱ በየሳምንቱ ነቀምት መመላለስ የለባትም።

አስቸጋሪው ቤት ተከራይታ የምትማረዋ ናት። የቤተሰብ ሕክምና ቤተሰብ ይፈልጋል፤ የእሷ ደግሞ ገጠር ነው፣ ምናልባትም መንገዱ በተዘጋበት። ወደ ቤቷ ብትመለስ ዓመቱ ያመልጣታል፤ ብትቆይ የሚያበላት የለም። ትምህርት ቤቱ ቦታዋን ለቀጣዩ ዓመት እንዲጠብቅላት የሐኪም ወረቀት መጻፍ የሕክምናው አካል ሊሆን ይገባል። መመለስ ለማትችለዋ ደግሞ አክስት፣ ታላቅ እህት፣ ካልሆነም አከራይዋ ተጠርታ፣ ምሳና እራት ላይ አጠገቧ የሚቀመጠው ማን እንደሆነ በስም መወሰን አለበት።